እንዶድ ውሃ የት ገባች?

ከደብረ ታቦር ያመጣኝ አውቶቡስ መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ላይ አራግፎኝ፣ ወንድሜ ስማቸው ሻንጣዬን ትከሻው ላይ አድርጎ ፊት ፊት እየሄደ፣ ወደ ሰፈራችን የምትታጠፈዋ የኮብልስቶን መንገድ አፍ ላይ ስደርስ ሽታው ያዘኝ። የረጠበ ጭቃ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ከሥሩ ደግሞ አፍንጫ የሚኮረኩረው፣ ገና ሳይጠጉት የሚያስነጥሰው የተወቀጠ እንዶድ ሽታ። እንዶዱን እንኳ ልቤ የጨመረው ይሆናል፤ ጭቃው ግን የእውነት ነበር። ባለሁበት ቆሜ ዙሪያዬን ባይ ውሃ የሚባል ነገር የለም፤ የቆርቆሮ አጥር፣ የሞባይል ካርድ የሚሸጥባት ኪዮስክና ሰው የሚጠብቅ ባጃጅ ብቻ። ሽታው የሚወጣው ከእግሬ ሥር፣ ጥርብ ድንጋዮቹ ከተላቀቁበት ስንጥቅ ነው። ባጃጁ ውስጥ የተቀመጠውን ወጣት "ልጄ፣ እዚህ የነበረችው ወንዝ የት ገባች?" ብዬ እያወቅሁ ብጠይቀው ስልኩን አስቀምጦ፣ በፍጹም ትሕትና፣ "እማማ፣ ቦታ ተሳስተው ይሆናል፤ እኔ እዚሁ ነው የተወለድሁት፣ እዚህ ወንዝ ኖሮ አያውቅም" አለኝ። እማማ ማለቱን ይቅር አልሁት፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለምጄዋለሁ። ወንዟን መካዱ ግን እንደ ጥፊ ተሰማኝ፤ ባጃጁን ያቆመው እኮ እላይዋ ላይ ነበር።

የመጣሁትም ስለዚችው ወንዝ ልመሰክር ነው። ስሟ እንዶድ ውሃ ይባል ነበር፤ በዳሯ እንዶድ ይበቅልባት፣ የሰፈሩም ሴት ሁሉ በእሱ ልብስ ያጥብባት ስለነበር። እኔ ገና በልጅነቴ ትቻት ወጥቼ፣ ባሕር ዳር ሳስተምር አርጅቼ፣ መንገዱም አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት አገሬን ሳላይ ብዙ ቆይቼ ነበር። ባለፈው ነሐሴ ስማቸው ደውሎ ነገሩን አወጋኝ። ለካ የሰፈሩ ሰው መንገዱን ድንጋይ ሲያለብስ በራሱ መዋጮ ውሃዋን የሲሚንቶ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ ከላይ ደፍኗት ኖሯል፤ በክረምቱ ቱቦው በቆሻሻ ታፍኖ ውሃው መውጫ ሲያጣ በእትዬ ጥሩ ቤት ወለል በኩል ገንፍሎ ወጣ። እትዬ ጥሩ የእናቴ ባልንጀራ የነበሩ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጠላ እየሸጡ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ከአልጋቸው ሥር ውሃ ሲነሳ ጋቢያቸውን ብቻ ይዘው ወጡ፣ ግድግዳው ከኋላቸው ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያድሩት በሰው ማድቤት ነው።

የሰፈሩ ሽማግሎች ተቀምጠው የቆረጡት ነገር ለመናገር ቀላል ነበር። ከሚመጣው ክረምት በፊት ወንዟ በድሮ መሄጃዋ ትከፈት፤ ግድግዳው በመሄጃዋ ላይ የተገኘ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በገዛ እጁ ያፍርስ። ይህንን ያለው ስማቸው ራሱ ነው። ስማቸው የድንበር ሽማግሌ ነው፤ አባታችን ሲሞት ሽምግልናውን እንደ ርስት ወርሶታል፣ ሰውም "የአባቱ ልጅ" እያለ ያከብረዋል። የቸገረው መሄጃዋን ማወቁ ነበር። በዳሯ ቤት የሠራ ሁሉ ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ይቀስራል፤ የቀሩት አዛውንቶችም ወንድ ናቸውና ማሳቸውን እንጂ ወንዟን አያውቋትም። እትዬ ጥሩ ደግሞ ባለጉዳይ ስለሆኑ አይመሰክሩም። በመጨረሻ የደብሩ ቄሰ ገበዝ "ወንዝ የሚያውቅ ልብስ ያጠበ ነው፤ ሴት ትጠየቅ" ሲሉ ስማቸው ያኔውኑ ደወለልኝ። "እታለም፣ ነይና ምሪን። የአብዬ ልጅ ከመሰከረች ማንም አፉን አይከፍትም" አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት፣ እኔም ኩራቱን በስልክ ተካፈልሁት።

እንዶድ ውሃን ወንዝ ማለት ለዓባይ ስድብ ነው። በበጋ ፍየል ሳትነከር ትሻገራታለች፣ ሕፃን ልጅ ገድቦ ያቆማታል፤ እኛም ስንት ጊዜ በጭቃ ገድበን የታች ሰፈር ሰዎች ውሃችን ቀረ ብለው ዱላ ይዘው መጥተውብናል። ምንጯ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከጽዱ ጥላ ነው የሚፈልቀው። ትንሽ ብትሆንም ሕግ ነበራት። ከምንጯ እስከ ሾላው ዛፍ መቅጃ ነው፣ እዚያ እግሩን የነከረ ልጅ የማንም ይሁን የማን፣ ያየው ሰው ሁሉ ጆሮውን የመቆንጠጥ ሥልጣን አለው። ከሾላው በታች ከብት ይጠጣል። ከዚያም ወደ ግራ ትታጠፍና የእኛን ደጃፍ ይዛ ትወርዳለች፤ እሱ ማጠቢያው ነበር። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፣ የጣሰው ግን ወዮለት። አንዲት ከከተማ ተድራ የመጣች ሙሽራ ሳታውቅ ከሾላው በላይ የልጅ ጨርቅ ብታጥብ ስሟ እስክታረጅ ድረስ "የላይ አጣቢ" ሆኖ ቀረ።

ማጠቢያው ላይ አንዲት ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነበረች፤ ሰው ያላመጣት፣ ከመሬቱ ጋር አብራ የተወለደች፣ ከእናቶቻችንና ከእናቶቻቸው ተረከዝ ብዛት ሁለት ጉድጓድ የተቦረቦረባት። በአንደኛው ጉድጓድ እንዶዱ ተወቅጦ ይበጠበጣል፣ በሁለተኛው ጋቢው ተጠቅልሎ ይገባና ይረገጣል። ጋቢ መርገጥ የእኛ የሴቶቹ ልጆች ሥራ ነበር። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን፣ ቀሚሳችንን ወገባችን ላይ ሸብ አድርገን፣ ውሃው እግራችንን እስኪያደነዝዘው እየረገጥን፣ በእርግጫው ልክ የሰፈሩን ወሬ እያወራን እንውላለን፤ አረፋው እየነጣ እየተንከባለለ ወደ ታች ይወርዳል። እትዬ ጥሩ ያኔ ገና ሙሽራ ነበሩና ከታች በራቸው ላይ ቆመው አረፋው ሲደርሳቸው የማን ልብስ እንደታጠበ ከእድፉ ያውቁ ነበር። "ዛሬስ ተክሌ ጋቢውን አወለቀ መሰል፣ ሽሮ ሽሮ ይላል" ብለው ሲጮኹ ከላይ ያለን ሴቶች ሁሉ ድንጋዩ ላይ እንወድቅ ነበር።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ የቆሎ ተማሪዎች ይመጣሉ። ያላቸው አንድ ልብስ ነው፤ አጥበው ቁጥቋጦ ላይ ካሰጡት በኋላ እስኪደርቅ ድረስ ደበሏቸውን ከላይ ጣል አድርገው፣ ጉልበታቸውን እቅፍ አድርገው ከኮሽሙ ሥር ይሸሸጋሉ። እኛ ተንኮለኞቹም ያን ቀን ጋቢ የመርገጥ ሥራችን አያልቅም። አንዱ ደፋር፣ ድምፁ እንደ ደወል የሚያስተጋባ፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ ሆኖ በግእዝ ይሰድበን ነበር፤ እኛ የመሰለን እየመረቀን ነውና አሜን እንላለን።

ክረምት ሲገባ ግን ይቺው ፍየል የምትሻገራት ውሃ ሌላ ትሆናለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ጠዋት ቁርጭምጭሚት ድረስ የነበረች ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣል ሲያደርግ ድንጋይ እያጋጨች ትመጣለች። የእናቴን ሙቀጫ አንድ ነሐሴ ወስዳው፣ ስንት ቀን ፈልገን በታችኛው ሜዳ ስናገኘው እንቁራሪት ውስጡ ቤት ሠርታበት ነበር። የአጥራችንን ካብም በየክረምቱ ትንድ ነበር። አብዬ ታዲያ በጋው ሲገባ መልሶ ይክበዋል፤ እኔም ድንጋይ አቀብለዋለሁ፣ ስማቸውም ገና ዳዴ ባይ ነበርና ጠጠር እየሰጠ ያግዛል። ካቡ በየዓመቱ አዲስ ነበር። በየዓመቱም ግቢያችን ትንሽ የሰፋ ይመስለኛል፤ ልጅ ሲያድግ ግቢው ይጠብበታል እንጂ ይሰፋበታል ሲባል ሰምቼ ባላውቅም፣ ያኔ አልገረመኝም።

አብዬ በአገሩ የታወቀ ድንበር አዋቂ ነበር። ከእስቴ ቆላ እስከ ደጋው ማሳ የተጣላ ሁሉ እሱን ይዞ ይሄዳል። በእኛ ዘንድ የድንበር ፍርድ ተቀምጦ አይሰጥም፤ ሽማግሌው ድንበሩ ላይ ቆሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ አፈሩ እየሰማው ነው የሚናገረው። አንድ ትልም የገፋ ገበሬ አብዬ ፊት ሲቀርብ እንደ ነፍሰ ገዳይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ድንበር ነቃይ በኦሪት የተረገመ ነው ይላል፤ ብሎም አይቀር፣ ድንበር ገፋ የተባለ ሰው ቤት ተዝካር ተጠርቶ እንኳ እህል አይቀምስም። አንድ ጊዜ የገዛ አጎቱን፣ ያሳደጉትን ሰውዬ፣ የመበለት ማሳ ነክተው ስላገኛቸው በሰው ፊት ገብሳቸውን ያለ ጊዜው አሳጭዶ ትልሙን አስመልሷል። ያን ዕለት ማታ ወደ ቤት ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ምሳም እራትም አልበላም። እኔ በእሱ የተነሣ ትምህርት ቤት ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ለተማሪዎቼም ስለ ሐቀኝነት ባስተማርሁ ቁጥር ስሙን ሳልጠራ የማወራው የእሱን ነበር።

ለመምህርነት ሥልጠና ከቤት ወጥቼ ለዕረፍት ስመለስ አብዬ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ጠበቀኝ። ግቢው ሰፍቷል፤ ከካቡ ወዲያ ያለችው ወንዝ ግን ከድሮዋ ቀጥናለች፣ ጠቆር ብላለች። ማጠቢያው የት ሄደ ብዬ ብጠይቀው ካቡን በምርኩዙ መታ መታ እያደረገ፣ "ውሃው ሸሸ" አለኝ። እናቴ አጠገባችን ጎመን ስትቀነጥስ ነበር፣ ቀና አላለችም። እኔ ደግሞ በኋላ የጂኦግራፊ መምህርት ሆንሁ። ወንዝ መሄጃውን ይቀይራል ብዬ ለስንቱ ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬያለሁ፤ የአብዬም ወንዝ ቀይራለች፣ አለቀ። በየመጣሁ ቁጥር እየቀጠነች ሄደች፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነውና እሷም ቀስ በቀስ ጠፋች። አብዬን ልንቀብር ስመጣ ከአጥር ጀርባ የምትሸት ቦይ ሆና ነበር፤ ለእሷ የሚሆን ዓይን አልነበረኝም።

የምስክርነቱ ቀን ሽማግሎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ድሮ ምንጯ ከነበረችበት ቦታ ተሰበሰቡ። ምንጯ ዛሬ በሲሚንቶ ሣጥን ታሽጋለች። ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን አውጥተው ገዘቱ፤ ያየ ያወቀ ዘመድ ብሎ፣ ጎረቤት ብሎ የደበቀ፣ ወንድ ቢሆን ሴት፣ መስካሪ ቢሆን ቤቱ የተቀመጠ፣ በግዝቱ ውስጥ ይሁን አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። የስማቸው ሚስት ይርጋለም ለሽማግሎቹ ድግስ ስታዘጋጅ አድራ፣ እጇን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች ከበራቸው ላይ ቆማ ታየናለች። እትዬ ጥሩ ምርኩዛቸውን ይዘው ከሁሉ ኋላ ይከተላሉ።

መምራት ጀመርሁ። ዓይኔ የሚያየው የቆርቆሮ አጥር ሲሆን እግሬ የሚሄደው ሣር ላይ ነው። "እዚህ መቅጃው ነበር" ስል አንድ የእህል ወፍጮ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ። ሾላው ተቆርጧል፣ ግንዱ ግን የአንድ ሻይ ቤት መቀመጫ ሆኖ ሥሩ ገና መሬት ውስጥ ነው። "ከዚህ ወደ ግራ ትታጠፋለች።" ታጠፍን። ወንድሜ ከአብዬ የወረሰው ግቢ ፊት ለፊታችን መጣ። እዚያ ላይ እግሬ ቆመ። በልቤ ያለው መልክና ፊቴ ያለው ቤት አልገጥም አሉኝ። በአጥራችን ካብና በውሃው መካከል ጋቢ የምናሰጣበት ጠባብ ሣር ነበር፤ የአብዬ አዲሱ ቤት የተሠራው እሱ ላይ ነው ብዬ ነበር ዕድሜ ልኬን የማስበው። ዛሬ ግን ቆሜ ባየው ያ ሣር ይህን ቤት አይችልም፤ በረንዳውን ቢችል ነው።

"ማጠቢያዋ ድንጋይ ብትገኝ ነገሩ ያልቃል" አልሁ። ወንዝ ቢሸሽ ድንጋይ አይሸሽም፣ እሷ ደግሞ የማትነቀል ናት። ሽማግሎቹ ተበታተኑ። በታች ያለውን የጎረቤት ጓሮ አዩ፣ ሽንት ቤቱን ዞሩ፣ አንዱማ በዶማ የሰው ጎመን ነቀለ። ስማቸውም ከፊት ሆኖ፣ እጁን ወደ ጎረቤቱ ግቢ እየዘረጋ፣ "ከዚያ ነው የምትሆነው፣ ከዚያ ወዲያ" ይላል። ውሸቱን አልነበረም፤ ከልቡ አምኖ ነበር።

"ምን ዓይነት ድንጋይ ናት?" አለች ይርጋለም ከበሩ ላይ።

"ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ሁለት ጉድጓድ ያለባት" አልኋት።

ይርጋለም መልስ ከመስጠቷ በፊት ቄሰ ገበዙን አየቻቸው፤ ከዚያ ባሏን አየችው። "የተቦረቦረችውን ከሆነ፣ እሷማ የእኛ ጓዳ ውስጥ ናት። ጀሪካን እማስቀምጥባት" አለች።

ተከታትለን ገባን። ጓዳው ጨለም ያለ ነበር። ስማቸው ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አወጣቸው፣ የእህል ጆንያውን ገፋው፣ እኔም ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳበስኋት። ወለሉ ተለስኖ ሲያበቃ እሷ ግን ከሲሚንቶው ቀና ብላ ወጥታለች፤ ሊፈልጧት ሞክረው እምቢ ብላ አንድ ጠርዟ ላይ የመዶሻ ጠባሳ ይዛለች። የቤቱ የመካከል ግድግዳ ግማሿን ተጭኗታል። ሁለቱ ጉድጓዶቿ ግን እንዳሉ ናቸው፣ በአንዱ ውስጥ የቆየ ሽንብራ ነበረበት። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ከተትሁ፤ ቅዝቃዜዋ እስከ ጉልበቴ ወጣ። ደነገጥሁ። ይህ ቤት የተሠራው በወንዟ ዳር አይደለም። እሷው ላይ ነው፣ መካከሏ ላይ። መሠረቱን የጣለው ደግሞ ውሃውን ከዚህ ገፍቶ፣ ድንጋዩን ሊፈልጥ ሞክሮ፣ እምቢ ሲለው ግድግዳ ጭኖበት ነው። ለእኔ "ሸሸ" ሲለኝ እንዴት ረጋ ብሎ ነበር። አልሸሹም ዞር አሉ ነው የወንዟ ነገር፤ ያዞራት ደግሞ ለአንድ ትልም የገዛ አጎቱን ያዋረደው አባቴ ነው። በየበጋው የተካበው ካብ፣ በየበጋው የሰፋው ግቢ፣ ጎመን ስትቀነጥስ ቀና ያላለችው እናቴ፣ ሁሉም በአንዴ ተሰልፎ መጣብኝ።

ከጓዳው ስወጣ ሽማግሎቹ ሁሉ መሬት መሬቱን ያያሉ። ቄሰ ገበዙ ብቻ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ "መምህርት፣ በየት ነበር?" አሉኝ።

"በዚህ" አልኋቸው። "በጓዳው፣ በመካከሉ ግድግዳ፣ በምድጃው አድርጋ ወደ እትዬ ጥሩ ትወርድ ነበር። የተጨመቀችውም ከዚህ ነው፤ እዚህ ስትጨመቅ እዚያ ነው የፈነዳችው።"

የድንበር ፍርድ የሚናገረው የድንበር ሽማግሌው ነው፣ የድንበር ሽማግሌው ደግሞ ስማቸው ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑን ከእሱ ላይ ለማንሣት ቢሞክርም አልሆነለትም። አንዱ ሽማግሌ ሌላ ሰው ይናገረው ሊል ጉሮሮውን ሲያጠራ ስማቸው በእጁ ከለከለው። ጫማውን በራፉ ላይ አወለቀና ጓዳው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ድምፁ የአብዬ ድምፅ ነበር፣ ያ ለሌሎች ሲናገርበት በልጅነቴ ደረቴን የሚያስነፋኝ። "ድንበሩ ይኸው። የተገፋው ይመለስ" አለ። ይርጋለም ያሰናዳችው ምግብ ቀርቦ ነበር፤ ማንም አልቆረሰውም፣ አንድ በአንድ ይቅርታ እየጠየቁ ወጡ። ሁላቸውም አባታችንን ያውቁታል፣ ግማሾቹን የዳኛቸው እሱ ነው።

እትዬ ጥሩ ብቻ ቀሩ። አጠገቤ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ "አባትሽን እንዳትረግሚው" አሉኝ። "የኔም ባል ገፍቷል። በታች ያሉትም፣ በላይ ያሉትም ገፍተዋል። ሰው ሲገፋ ይከሳል፤ ውሃ ሲገፋ ማን ይከሳል ብለን ነው። አባትሽ ደግ ሰው ነበር፣ የሰው መሬት አልነካም። ወንዝን እንደ ጎረቤት የቆጠራት ማንም አልነበረ።"

"እርስዎ ያውቁ ነበር?" አልኋቸው።

"ሳላውቅ! በሬ ላይ አረፋው የቀረ ቀን አውቄያለሁ" አሉና ተነሥተው ወደሚያድሩበት ማድቤት ሄዱ።

ስማቸው ማታ ራቱን ሳይነካ ቆይቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። እሱ የአብዬ ዘግይቶ የተወለደ ልጅ ነው፣ እኔ ስወጣ ሕፃን ነበር፤ አብዬን የሚያውቀው ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። ምርኩዙን፣ ባርኔጣውን፣ አባባሉን ሁሉ ከእሱ ወስዷል። "እታለም፣ አብዬ ያውቅ ነበር? ወይስ እሱም ሸሸ ብሎ አምኖ ነው?" ዓይኑ እንድዋሸው ይለምነኝ ነበር። ግዝቱ ስለ ድንበር እንጂ ስለዚህ አልነበረም፣ መዋሸት እችል ነበር። "ቤቱን የሠራው በቀን ነው፣ ወንድሜ" አልሁት። ከዚያ በኋላ ስለ አብዬ አላወራንም። በነጋታው ባርኔጣውን ሳያደርግ ወጣ።

ቤቱን ራሱ አፈረሰው፤ ጎረቤት ላግዝ ቢለው አልፈለገም። ቆርቆሮውን አውርዶ፣ እንጨቱን ለይቶ፣ ይርጋለምንና ልጆቹን ወደ ኪራይ ቤት አስገባ። እኔም ልሂድ ብዬ ሳልሄድ ጥቅምት መጣ። በደቦ ቁፋሮው ሲጀመር ከታች ሰፈር እንኳ ሰው መጥቶ ነበር፤ የራሳቸውን አጥር ማፍረስ የነበረባቸው ሌሎች ሰዎችም ስማቸውን አይተው አንዳቸውም አልተከራከሩም። እኔ ጠዋት ጠዋት ከቆፋሪዎቹ አጠገብ በርጩማ ይዤ እቀመጥና ስለ ማጠቢያው፣ ስለ ሕጓ፣ ስለ ነጭ አረፋው ለወጣቶቹ አወራቸው ነበር። የባጃጁ ልጅም አንድ ቀን አካፋ ይዞ መጥቶ "እማማ፣ ይቅርታ" አለኝ። ይርጋለም ምሳ ይዛ ስትመጣ ቆማ ታዳምጠኛለች። መስታወት የመሰለች ውሃ ናት የምላት፤ ጠጠሯን ቆጥረሽ የምታይባት። እኔም እያወራሁት አመንሁት መሰለኝ፣ ቱቦው የሚሰበርበትን ቀን እንደ ዓውደ ዓመት ነበር የምጠብቀው።

ቱቦው ተሰበረ። መጀመሪያ አንዳች ነገር አልወጣም፤ ከዚያ እንደ ማስነጠስ ያለ ድምፅ ተሰማና ውሃው መጣ። ጥቁር ነበር። ጥቁርና ወፍራም፣ የፕላስቲክ ከረጢት የታቀፈ፣ የአንድ እግር የሕፃን ጫማ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ የሞተ ድመት ይዞ የመጣ። ከላይ ያሉት ቤቶች ሁሉ ወንዟ የለችም ብለው በተቀመጡባቸው ዓመታት የሽንት ቤታቸውን ቦይ ለቅቀውባት ኖሯል። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ጥለው ዘለው ወጡ። ወጣቶቹ በአንድ እጃቸው አፍንጫቸውን ይዘው በሌላው በስልካቸው ይቀርጻሉ። እትዬ ጥሩ አማተቡ። ስማቸው ከፈረሰው ቤቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አየው።

ይርጋለም መጥታ አጠገቤ ቆመች። እሷ አብዬን እንኳ በደንብ አላወቀችውም፤ ካብ አልካበችም፣ ውሃ አልገፋችም፣ ጋቢም አልረገጠችባትም። ጓዳዋን ግን አፍርሳለች፣ እውነቱንም በገዛ አፏ የተናገረችው እሷ ናት። ውሃውን ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ቁጣም ፌዝም በሌለበት፣ ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው፣ "እታለም፣ ጓዳዬ የፈረሰው ለዚች ነው?" አለችኝ።

ያኔ እንዲህ አልነበረችም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ስለ አረፋው፣ ስለ ጠጠሩ ሁሉንም ነግሬያታለሁና ሌላ የምነግራት አልነበረኝም። "አዎ፣ ለዚች ነው" አልኋት፤ ያልሁት ግን እኔም እንደ ሰው ሁሉ በነጠላዬ አፍንጫዬን እንደያዝሁ ነበር።